የከንቲባው ቤት ነኝ

ካርቱም ውስጥ ያገለገልሁበት ቤት የመንግሥት ነበር። አል-ማንሺያ ሰፈር፣ ከወንዙ ብዙ ሳይርቅ፣ ግንቡ ረጅም፣ በሩ አረንጓዴ ብረት። ወንበሩም፣ አልጋውም፣ ቁም ሣጥኑም ከሥሩ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ቤቱ የተሰጠው ለሹመቱ እንጂ ለሰውየው አልነበረምና ሹሙ ሲሻር ልብሱንና ልጆቹን ይዞ ይወጣል፤ ወንበሮቹ ይቀራሉ። እኔም ከሚቀሩት ነበርሁ። አዲስ ሹም ሲገባ ሚስቱ መጀመሪያ ፍሪጁን ትከፍታለች፤ ቀጥላ መጋረጃውን ታያለች፤ በመጨረሻ እኔን። "ይህቺ ሐበሺያ ከቤቱ ጋር ናት?" ብላ ሰው ትጠይቃለች፣ እኔ ዐረብኛ የማልሰማ ይመስል። እኔም በልቤ "አዎ፣ ከነቁጥሬ" እል ነበር።

የሹመቱ ስም ራሱ አይረጋም። በዘጠናዎቹ እኔ ስገባ ሙሐፊዝ ይሉት ነበር፤ በኋላ ሙዕተመድ ሆነ። ከዚያ በፊትም ሌላ ስም ነበረው አሉ። የሚገዛው ሰፈርም አንዱ መጥቶ ያሰፋዋል፣ ሌላው መጥቶ ይቆርሰዋል። እኛ ሐበሾች ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት አልነበረንም፤ ከተማ የሚገዛ ሁሉ ለእኛ ከንቲባ ነው። እኔም በአገር ልጆች ዘንድ "የከንቲባው ቤቷ" ተባልሁ። ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ የእኛ አገር ሴት በአባቷ አትታወቅም፤ በአሠሪዋ ነው። የሐኪሙ ቤቷ፣ የነጋዴው ቤቷ፣ የሐጃዋ ቤቷ እንባባላለን። ወሎ ውስጥ ሰው ሲተዋወቅ "የማን ልጅ ነሽ?" ብሎ ይጀምራል፤ እዚያ ግን "ማን ቤት ነሽ?" ሆነ። መጀመሪያ ይከነክነኝ ነበር። ኋላ ለመድሁት፤ እንዲያውም ብነግራችሁ ኮራሁበት።

የቤቱ ዘበኛ፣ ገፊር ይሉታል፣ ሽማግሌ ሱዳናዊ ነው። ወደ ማንሺያ ከመዛወሩ በፊት መሀል ከተማ የሹሞቹን ቢሮ ይጠብቅ ስለነበር ከእኔ በፊት ያለፉትን ሁሉ ያውቃል። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ሲጥል፣ ዛፍ ሥር አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የከንቲባዎቹን ታሪክ ያወራልኛል። አንዱ ከዘራ ይዞ በእግሩ ገበያ እየዞረ የሥጋ ሻጮችን ሚዛን ይፈትሽ ነበር አለኝ። አንዱ መናፈሻ አሠራ፤ በተሻረ በሳምንቱ አግዳሚ ወንበሮቹ ጠፉ። አንዱ አህያ በዋና መንገድ እንዳትታይ ብሎ አዘዘና ሰፈሩን ውሃ አስጠማው፤ ውሃውን የምትጎትተው እሷው ነበረች። ሽማግሌው እየሳቀ ይጀምራል፤ ሲጨርስ ግን አይስቅም። "ያ ቢቲ፣ ልጄ" ይለኛል፣ "ሁሉም በጭብጨባ ሲገቡ አይቻለሁ። በጭብጨባ የወጣ ግን አላየሁም።" ሽማግሌ ሰው ማስፈራራት ይወዳል ብዬ እተወዋለሁ።

እኔ ያገለገልሁት የመጀመሪያው ወታደር ነበር፤ አጭር፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ። ግንብ ሁሉ ኖራ ይቀባ፣ የመንገድ ዳር ሱቅ ሁሉ ይፍረስ ይላል። ክፉ አልነበረም፤ መጮህ ልማዱ ነው። እጁ ግን ሰፊ ነበር። በረመዳን የሰፈሩ ወንዶች እንደ አገሩ ልማድ መንገድ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ያፈጥራሉ፤ ሲኒያ የሚሉትን ትልቅ ትሪ እኔ ከውስጥ እሞላለሁ፣ ገፊሩ ተሸክሞ ያወጣል። ያን ረመዳን ምንጣፉ ከእኛ በር ተነሥቶ መንገዱ መታጠፊያ ደረሰ። በወሩ መካከል አንድ ነጋዴ "ለማፍጠሪያ" ብሎ የሰባ በግ አምጥቶ ግቢያችን አሰረ። በዚያው ምሽት ሬዲዮው የሹም ሽር አነበበ። ሰውየው መሻሩን የሰማው እንደማንም ሰው ከሬዲዮው ነው፤ አፉ ውስጥ የነበረውን ተምር ሳያላምጥ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ነጋዴው መጣና በጉን ፈትቶ ወሰደ። ሰላም እንኳ አላለም። ማታ እንደ ወትሮው ትሪውን ሞላሁ፤ ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ግን ሹሙና ገፊሩ ብቻ ነበሩ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ያየሁት ሲሾም ያበላም ሲሻር ብቻውን እንደሚበላ ነው።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። ሲገባ ሲወጣ "ያ ቢቲ፣ በላሽ?" ይለኛል። ከተሰደድሁ ጀምሮ በላሽ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ስለነበር፣ ጌታስ እንዲህ ነው ብዬ አላህን አመሰገንሁ። በእሱ ዘመን ግን ከሻ በረታ። ከሻ ድንገተኛ አፈሳ ነው፤ ፖሊስ በፒክአፕ ይመጣና መንገድ ላይ ሻይ የምትሸጠውንም፣ ወረቀት የሌላትንም፣ ዝም ብላ የቆመችውንም ጭኖ ይሄዳል። ከተማውን ማጽዳት አለብን ይል ነበር፣ ሳሎን ተቀምጦ፣ በዚያ በለስላሳ ድምፁ፣ እኔ ሻይ እየቀዳሁለት። ከሚጸዳው ውስጥ እኔና መሰሎቼ እንዳለንበት አልገባውም እንዳልል ብልህ ሰው ነበር። ያን ጯሂውን ወታደር መናፈቅ ጀመርሁ።

ታናሽ እህቴ የመጣችው በዚሁ ሰውዬ ዘመን ነው፤ በመተማ በኩል፣ ያለ ወረቀት። አርካዊት ሰፈር አንድ ቤት ሥራ አስገባኋት፤ ማደሪያዋ ጀሪፍ ሰፈር፣ ከአገር ልጆች ጋር ሆነ። እኔና እሷ ከአንድ ማኅፀን ወጣን ቢሉ የሚያምን የለም። እኔ ቶሎ የምቆጣ፣ የተናገሩኝን የማልረሳ ነኝ፤ እሷን ሁሉ ነገር ያስቃታል። ፈራሁላት። ስለዚህ በመጣች በሳምንቷ ቁጭ አድርጌ እንዲህ አልኋት፦

"ከያዙሽ አታልቅሺ። አትሩጪ፣ አትለምኚ። ቀጥ ብለሽ ስሙን ጥሪና 'የእሱ ቤት ነኝ' በይ። ሌላ ቃል አትጨምሪ።"

ይህን እኔ አልፈጠርሁትም፤ ሁላችንም የምናደርገው ነበር። ወረቀት ለሌላት ሴት ወረቀቷ የጌታዋ ስም ነው። እህቴ በእርግጥ የእሱ ቤት አልነበረችም፤ ከአረንጓዴው በር ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ገብታ አታውቅም። ዓርብ ዓርብ ጀሪፍ እየሄድሁ ስለ ቤቱ ሳወራላት ትሰማለች፤ ሰውየው ጨው እንደማይወድ፣ ሚስቱ ገፊሩን እንዴት እንደምትቆጣው፣ ማታ ማታ ሾርባ ካልቀረበለት እንቅልፍ እንደማይወስደው። ስለዚያ ቤት የምታውቀው ይህንኑ ነው።

ስሙ በመጀመሪያው ጊዜ ሠራ። ከሻ ያዛት፤ ጠራችው፤ መኮንኑ ራሱ ከኋላ አውርዶ ጋቢና አስቀምጦ እስከ በራችን አደረሳት። ገፊሩ ደንግጦ ጠራኝ። ስወጣ እንደ ሙሽራ ተደላድላ ተቀምጣለች።

"እታለም፣ ከባጃጅ ይሻላል ወላሂ!" አለችኝ ፖሊሱ እንደ ሄደ።

"ዝም በይ! ሰው ይሰማሻል።"

"ይስማ! ስጠራው እኮ ሰውየው ኮፍያውን አስተካከለ። ያንቺ ጌታ ስሙ ብቻውን ይሄዳል!"

ከዚያ በኋላ የአርካዊቱን ሥራ ትታ ጀሪፍ መንገድ ዳር ሲት ሻይ ሆነች፤ የመንገድ ሻይ ሻጭ ማለት ነው። ገቢው ይሻላል፣ አለቃ የለብኝም አለች። ከሻ ቢመጣስ ስላት "ስሙን እጠራለኋ!" ትላለች። አብረዋት የሚያድሩት ልጆችም መጥራት ጀመሩ። ስም እንደ ሳሙና ነው፤ እጅ በበዛበት ቁጥር ያልቃል። ተቆጣሁ። "ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች" አልኋት።

"ጌታው ያንቺ፣ ላቱ የኔ" ብላ ሳቀች። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ከዚያ ምልክቶቹ መጡ። መጀመሪያ የቤቱ ስልክ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውለው ስልክ ቀስ በቀስ ረጋ። ሳሎን የሚቀመጠው እንግዳ ቀነሰ፤ የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ በፊት በር መግባት ትተው በወጥ ቤቱ በር፣ በእኔ በኩል መግባት ጀመሩ። መኪናቸውን ከሩቅ አቁመው፣ ሰፈሩ ከምሳ በኋላ በሚተኛበት ሰዓት፣ በእግራቸው ይመጣሉ። ሻይ ይዤ ስገባ ወሬው ይቋረጣል። የአንዱን ፊት በቴሌቪዥን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን እነሱ ከወጡ በኋላ ሹሙ ወጥ ቤት ድረስ መጣና ብርጭቆዎቹን ሳጥብ ከኋላዬ ቆመ።

"ያ ቢቲ፣ አንቺ በዚህ በር ሲገባ ያየሽው ሰው የለም። ታማም፣ እሺ?"

"ታማም፣ ያ ሰዓደተክ፣ እሺ ጌታዬ" አልሁ።

በላሽ ሲለኝ በነበረው ድምፅ ነው ያለኝ።

ብዙም ሳይቆይ በሩን የሚጠብቁት ሁለት ወታደሮች አንድ ጠዋት አልነበሩም። የሚተካቸውም አልመጣም። ገፊሩ ባዶውን ወንበራቸውን አየና "ጀመረ" አለኝ። ያ የመጀመሪያው ሹሜ ሲሻርም እንዲህ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እህቴ ናት። ያንን ስም እንደ ያዘች ጀሪፍ መንገድ ዳር ተቀምጣለች፤ ስሙ በዚያች ሰዓት እየሞተ ነው፣ እሷ አታውቅም። ነጠላዬን ደረብሁና ፈቃድ ልጠይቅ ገባሁ።

"ዛሬ ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም" አለኝ። በገፊሩ ልልክ ያሰብሁት መልእክትም አልሆነልኝም፤ በሩን ራሱ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። ወሬ እንዳይወጣበት ነው። እኔ ደግሞ የማወጣው ወሬ ያን አንዱን ብቻ ነበር፦ ስሙን አትጥሪ።

ያን ቀን ሙሉ ሽንኩርት እየላጥሁ ነው ያሳለፍሁት። ለማን እንደምልጥም አላውቅም። ሲመሻሽ ሬዲዮው ተከፈተ። አዋጁ ሲነበብ እኔ ከወጥ ቤት ሰማሁት፤ የእሱ ስም ተጠርቶ "ከሥልጣኑ ተነሥቷል" ተባለ፤ የሚተካው ሰው ግን አልተነገረም። ሚስቱ አለቀሰች። እሱ ተነሥቶ ሰገደ። ሰግዶ ሲጨርስ ወደ እኔ ዘወር አለና "ሾርባ አለ?" አለኝ። ሰጠሁት። ጨርሶ በላው።

ጠዋት በሩ ተከፍቶ አገኘሁትና በሩጫ ወጣሁ። ጀሪፍ ስደርስ የእህቴ ማንቆርቆሪያ ተገልብጦ፣ ከሰሉ መሬት ላይ ተበትኗል። አብራት የምታድረው ልጅ ዓይኗ አብጦ በር ላይ ተቀምጣለች።

"ትናንት አመሻሽ ላይ ያዙን" አለችኝ። "እኛ አለቀስን፣ ለመንን። ቀጥተው ለቀቁን። እሷ ግን ስሙን ጠራች።"

"ከዚያስ?"

"መኮንኑ ሳቀ። እሷም የሚስቅላት መስሏት ሳቀች። ከዚያ እሱ መሳቁን አቆመና ለብቻ አስቀመጣት።"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ከአፈሳው የሚያወጣት ስም አሁን ወንጀሏ ሆኗል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ ምሳሩ የሚጀምረው ደግሞ ከቀጭኗ ቅርንጫፍ ነው።

ወደ ማንሺያ ተመለስሁ። ሰውየው ሻንጣ ያስራል። እግሩ ሥር ተንበረከክሁ። የተሻረም ቢሆን የሚያውቀው ሰው አይጠፋምና አንድ ቃል ይበልልኝ፣ ልጅቱ የእኔ ቤት አይደለችም፣ አላውቃትም ይበልልኝ ብዬ ለመንሁት። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ስሜን ማን ጥሪ አላት? ማን አላት?"

ያ ሁሉ ከተማ የሚንቀጠቀጥለት ሰው አንዲት ሻይ ሻጭ ስሙን ጠራች ብሎ ይንቀጠቀጣል። "እሷንም አላውቃትም፤ አንቺንም ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም። ሂጂ!" አለኝ። ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ። ሁለት ዓመት ጨው የሌለው ሾርባ ያበሰልሁለት ሰው ነው።

ጣቢያው ሄድሁ። በመንገድ ላይ ቆርጬ ነበር፤ እውነቱን እናገራለሁ። የቤቱ ሠራተኛ እኔ ነኝ፣ የምትፈልጉት ካለ እኔን ጠይቁ፣ እሷ በሩንም አልፋ አታውቅም እላለሁ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው የደንብ ልብስ አልለበሰም። ያልሁትን ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማኝና እህቴን አስጠራት። ሻሽዋ ከራሷ ላይ የለም። እንዳየችኝ ፊቷ አልተለወጠም።

"ይህቺን ታውቂያታለሽ?" አላት።

"ላ" አለች። "አላውቃትም። የእሱ ቤት እኔ ነኝ።"

"እህቴ ናት!" አልሁ።

"ያገሬ ልጅ ናት፤ ጀሪፍ መንገድ ላይ የምትለምን። ያየችውን ሁሉ እህቴ ትላለች። ልቧ ደህና አይደለም፤ መስኪና።" ይህን በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዋ፣ ዓይኗን ከሰውየው ሳትነቅል ተናገረች።

ሰውየው ሁለታችንንም አየ። "እስቲ ጌታሽ ማታ ምን ይበላል?" አላት።

"ሾርባ። ያለ ጨው። ካልበላ አይተኛም። ሚስቱ ሐጃዋ ደግሞ ገፊሩን ጠዋት ጠዋት ስለ ውሃው ትቆጣዋለች።" ሳታመነታ፣ አንድ በአንድ፣ ዓርብ ዓርብ የነገርኋትን ሁሉ መለሰችለት። ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ጮህሁ፤ ውሸቷን ነው፣ እኔ ነኝ፣ እኔን ያዙኝ ብዬ ጮህሁ። እብድ ናት ተብዬ ስለነበር ጩኸቴ እብደቴን መሰከረብኝ። "ኢምሺ፣ ሂጂ ከዚህ" አለና አንድ ፖሊስ ጎትቶ አስወጣኝ። እህቴ ዞር ብላ አላየችኝም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወደ ጣቢያው ብሄድም እዚህ የለችም ከማለት ሌላ ቃል አላገኘሁም። ካርቱም ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ ከዚያ ቤት ውጪ፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ አሉኝ። አልወጣሁም። እህቴ ብትለቀቅ የምታውቀው አንድ በር እሱ ነበር። ሦስተኛው ሹም ገባ፤ ረጅም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ በየመንገዱ መሀል ዘንባባ አስተከለ፣ እሱ ሳይሻር ዘንባባዎቹ ደረቁ። ስሙን ለማንም አልነገርሁም። ማን ቤት ነሽ ሲሉኝ ወሬ እለውጣለሁ።

ወራት አልፈው ከኮምቦልቻ ስልክ ተደወለ። እህቴ ናት። ከሌሎች ጋር በመኪና ጭነው መተማ ድንበር ላይ እንደጣሏት፣ ከዚያ ሰው ረድቷት አገሯ እንደገባች ነገረችኝ። አልቅሼ ስጨርስ ምን ጠየቁሽ አልኋት።

"ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ በወጥ ቤት በር ማን ይገባ ነበር ይሉኛል።"

"ምን አልሽ ታዲያ?"

"ምን ልበል ላላየሁት? ስለ ሾርባው ነገርኋቸው" አለችና ሳቀች። ሳቋ ያው ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም።

"ለምን አላውቃትም አልሽ? እኔ እኮ ላስወጣሽ ነበር የመጣሁት።"

"አንቺ ታውቂያለሻ፣ እታለም" አለችኝ። "ማን እንደሚገባ አይተሻል። አንቺን ቢይዙሽ ትናገሪያለሽ፤ ብትናገሪ እነዚያ የሚገቡት አይምሩሽም፣ ባትናገሪ እነዚህ የያዙሽ። እኔ ግን ባዶ ነኝ። ቢመቱኝ ቢመቱኝ የሌለውን ከየት ያወጡታል?"

ችኩል፣ ሳቂታ፣ ነገር የማይገባት እያልሁ ያሳደግኋት ልጅ ናት ይህን ያለችኝ፤ ያን ቀን ጠረጴዛው ፊት ቆማ፣ እኔን እንዳየች፣ በዚያች ቅጽበት አስባው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "አላህ ይጠብቅሽ" አልኋት።

"ምን አልሽ?"

ደግሜ አልኋት።

"ቆይ እታለም፣ አልሰማም፤ ወደ ደህናው ጆሮዬ ላዙረው" አለችኝ።

በመጨረሻው ዓርብ ጀሪፍ ስንለያይ ሁለቱም ጆሮዎቿ ደህና ነበሩ።